አለሁ

እሌኒ ማሽን ትሳደባለች። ሰውን ክፉ አትናገርም፤ ኮምፒውተር እምቢ ሲላት ግን "አንተ ደንቆሮ፣ ጆሮህን ለማን ሰጥተህ ነው?" ብላ ስትጀምር ተማሪው ሁሉ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ይውጣል። አዳማ ተወልዳ ያደገች፣ ባሏ ባሕር ዳር ፋብሪካ ሲቀጠር ተከትላው የመጣች፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ አንድ የግል ኮሌጅ የኔትወርክ ላቦራቶሪ ኃላፊ ናት። ኃላፊ ሲባል ወንበሯ የሚሽከረከር እንዳይመስላችሁ። ቁልፍ ትይዛለች፣ አቧራ ታራግፋለች፣ የተበላሸ ታያለች። ሲሠራ የሚያመሰግናት የለም፤ ሲበላሽ ስሟን የማያውቅ የለም። ድሮ ሥራው የሁለት ሰው ነበር። አሁን ብቻዋን ናት።

ሁለተኛው ሰው ቢያዝን ይትባረክ ነበር። ስሙን ከነአባቱ ስትጠሩት ዐረፍተ ነገር ይሆናል፤ እሱም ይቀልድበት ነበር። "እኔ ባዝንም አባቴ ይትባረክ ይላል፤ ምን ላድርግ" ይላል። አባቱ መሪጌታ ይትባረክ ከጣና ደሴቶች በአንዱ ዜማ ሲያስተምሩ ኖረው ያረፉ ሰው ናቸው። እናቱን እማማ እናትዓለምን ቢያዝን ከደሴቱ አውጥቶ ዘንዘልማ ትንሽ ቤት ሠርቶላቸው አብሯቸው ይኖር ነበር። ዘንዘልማ ያው እንደምታውቁት ነው፤ በዚህ በኩል ጤፍ ይታጨዳል፣ በዚያ በኩል ብሎኬት ይደረደራል።

የላቦራቶሪው ነፍስ የቢያዝን ሥራ ነበር። እውነተኛ የኔትወርክ ዕቃ ለሁሉም ተማሪ አይዳረስምና፣ በአንድ ሰርቨር ሆድ ውስጥ የሌሉ ኮምፒውተሮችን የሚፈጥር ሶፍትዌር አለ። ብረት የላቸውም፣ ገመድ የላቸውም፤ ግን ይበራሉ፣ ይጠፋሉ፣ እርስ በርስ ይነጋገራሉ። ተማሪ እነሱን እያበላሸ ይማራል። ቢያዝን ለእያንዳንዳቸው የደሴት ስም አወጣላቸው፤ ክብራን፣ ዳጋ፣ ደቅ። ሌሎቹ ጥቁር ገጽ ላይ ጽሑፍ ብቻ ሲያሳዩ ደቅ ግን እንደ ደንበኛ ኮምፒውተር ዴስክቶፕ አላት፤ መስኮት ይከፈትባታል፣ የማውስ ቀስት ይመላለስባታል። የዓመቱ የተግባር ልምምድም በሷ ላይ ነው።

የማስተማር ዘዴውም የራሱ ነበር። ማሽን ከማሽን መገናኘቱን ለማወቅ አንዱ ይጣራል፣ ሌላው ይመልሳል። ቢያዝን ይህን ሲያስረዳ "ያኛው አለህ? ይላል። ይኼኛው አለሁ ይላል። ኔትወርክ ማለት ይኸው ነው፤ ሌላው ጌጥ ነው" ይል ነበር። አዲስ ነገር ሲሞክር ደግሞ "አለሁ" ብሎ ይጽፍና ቃሉ በወዲያኛው ወገን መድረሱን ያያል። እሌኒም ልማዱን ከሱ ወሰደች። አሁን አሁን እጇ ኪቦርድ ላይ ሲያርፍ ሳታስበው የምትጽፈው ቃል ያው ነው።

በክረምቱ ቢያዝን አባቱ ላገለገሉበት ደብር ንግሥ ወደ ደሴቱ ሄደ። ሲመለሱ ነፋስ ተነሣ። ጀልባዋ ስትገለበጥ ሌሎቹን ዓሣ አጥማጆች ደርሰው አወጧቸው፤ እሱን ግን አላገኙትም። ከጎኑ ተቀምጦ የነበረ ሰው እንደ ተናገረው ነፋሱ እስኪመታቸው ድረስ ቢያዝን እየሳቀ ነበር። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለውን እሌኒ እስከዚያ ቀን ድረስ ተረት ነው ብላ ነበር የምታስበው። ታንኳዎቹ ዳሩን ሁሉ አሰሱት፤ ሐይቁ ግን የወሰደውን አልመለሰም።

እማማ እናትዓለም ድንኳን አላስተከሉም። ለቅሶ ደራሽ ሲመጣ በር ላይ ቆመው "ማንን ልታለቅሱ መጣችሁ? የሞተ ሰው አሳዩኝና አብረን እናልቅስ" ይላሉ። ሰው ምን ይበል? አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። አርባው እንዲሁ አለፈ።

ፍትሐት አልተደረገለትም፤ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አስከሬን ባይገኝም ካህን በስሙ ይጸልይለታል፤ ግን በየትኛው ስም? ቢያዝን የዓለም ስሙ ነው። ሰማይ ቤት የሚታወቀው በክርስትና ስሙ ነው፤ ያንን ደግሞ ያጠመቁት ቄስም የክርስትና አባቱም ይዘውት ሞተዋል። የንስሐ አባታቸው ቄስ ጥዑመ ልሳን ለሰፈሩ አዲስ ናቸው። ስሙን በምድር ላይ የምታውቅ አንዲት እናት ብቻ ቀረች፤ እሷም ከሰጠች ልጇን በእጇ እንደ ቀበረች ይሰማታል። ስለዚህ እማማ እናትዓለም ስሙን አልሰጡም። ቄሱ "ልጁ መንገድ ላይ ቆሞ ነው ያለው፤ አሳዝኖኛል" እያሉ እሌኒን ለመኗት፤ እሌኒም ቅዳሜ ቅዳሜ ዘንዘልማ እየሄደች አጠገባቸው ተቀምጣ ለመነች። ልጃቸው ይቀልደው የነበረውን እያነሣች፣ አንዳንዴም ዝም እያለች። በሄደች ቁጥር የቢያዝን ክፍል ተዘግቶ፣ ከበሩ ሥር ቀጭን ብርሃን ይታያታል። አምፖል ነው ብላ አለፈችው፤ የእናት ነገር፣ ምን ትበል።

አንድ ቅዳሜ እማማ እናትዓለም ራሳቸው ተሸነፉ። "ለኅዳር ኪዳነ ምሕረት ስሙን ለአባ እሰጣለሁ" አሉ። "እስከዚያ ግን ተዉኝ።" እሌኒ ከታክሲ ወርዳ ቤቷ እስክትገባ አለቀሰች፤ ደስ ያላት ይሁን የከፋት እሷም አላወቀችውም።

በዚህ መሀል ኮሌጁ ተከፈተ። ተማሪዎች ደቅን ለመክፈት ሲሞክሩ "ግንኙነቱ ተቋርጧል" የሚል ጽሑፍ ይመጣል። አንዳንዴ ዴስክቶፑ ብቅ ይልና ዐይን ሳይጠግበው ይጠፋል። እሌኒ መጀመሪያ እንደ ልማዷ ተሳደበች። ቀጥላ ሥራዋን ጀመረች። ማሽኗን አጥፍታ አስነሣቻት። ዴስክቶፑ የሚወጣበት የኔትወርክ በር ክፍት መሆኑን አየች፤ ክፍት ነው። የሰርቨሩ መከላከያ፣ ፋየርዎሉ፣ አግዶ እንደሆነ አጣራች፤ አላገደም። ብራውዘሩን ቀየረች፣ የላቦራቶሪውን ገመድ ነቅላ ሰካች፣ ሰርቨሩን ራሱን አስተኝታ አስነሣች። ምንም። ክብራንም ዳጋም ሲጠሩ አለሁ ይላሉ። ደቅም ስትጠራ አለሁ ትላለች። አለች፤ ግን ሰው አታስገባም።

ሊድያ የምትባል ተማሪ ናት መጀመሪያ ያየችው። ዴስክቶፑ ለአፍታ ብቅ ሲል፣ ማንም ማውስ ሳይነካ፣ ቀስቷ ተንቀሳቀሰች። ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ፤ በሩ እንደተቆለፈበት ሰው ወዲያ ወዲህ አለች። ከዚያ ተቋረጠ። በሌላ ቀን ደግሞ ተከፍቶ የተረሳ የጽሑፍ መስኮት ላይ ትርጉም የሌለው ፊደል ተደርድሮ ተገኘ፤ አንድ ዓይነት ፊደል ረጅም መስመር ሙሉ፣ ከሥሩ ሌላ ዓይነት። ትናንት ያልነበረ ነው።

ወሬው ግቢውን ሞላው። "ደቅን የሠራት ማን ነው? እሱ የት ነው ያለው? ውኃ ውስጥ። እንግዲህ ተውት" ተባለ። የሚመጣው ተማሪ ተመናመነ፤ የመጣውም ጥግ ጥጉን ይይዛል። ሊድያ ጠበል በሃይላንድ ይዛ መጣችና ልትረጭ ስትል እሌኒ እጇን ያዘቻት።

"የኔ እናት፣ ጠበሉ አንቺን ይፈውስሻል፤ ኪቦርዱን ግን ይገድለዋል" አለቻት።

ተማሪው ሳቀ። እሌኒም ሳቀች፤ ሆዷ ግን አልሳቀም። ብቻዋን ስትቀር የቢያዝንን ባዶ ወንበር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው። ያን ያደረገችበትን ምክንያት ለባሏም አልነገረችው።

የኪዳነ ምሕረት ዕለት ጠዋት ተማሪ ከመግባቱ በፊት ሰርቨሩ ፊት ተቀመጠች። እስካሁን ስትጠይቅ የነበረው ደቅ ለምን አትከፈትም ብላ ነበር። አሁን ጥያቄውን ገለበጠችው፤ ማን ቀድሞ ገብቶ ይሆን? ቢያዝን ደቅን ሲሠራት በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ እንዳታስገባ አድርጎ ነው። ከውስጥ ሰው ካለ ሌላው በሩ ይዘጋበታል። አስወጥተው ቢገቡም ያ ሰው ወዲያው ተመልሶ የሚገባ ከሆነ ገቢውን ገፍትሮ ያስወጣዋል። በደቅ ላይ የተገናኘውን ሁሉ እንዲያሳያት ሰርቨሩን ጠየቀችው።

አንድ ሰው ነበር። ክረምቱን ሙሉ ያልወጣ አንድ ሰው። የገባውም ቢያዝን ከቤቱ ሆኖ ለመሥራት ለራሱ ባበጀው የጓሮ በር ነው። በሩ ላይ "ዘንዘልማ" የሚል ስም ተጽፎበታል።

ወንበሯን ከስክሪኑ አራቀችው። ቆይታ ራሷን ሰበሰበች። ላፕቶፑ ነው። ንግሥ ሲሄድ ሳያጠፋው ሄዷል፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ይቆያል፣ ዋይፋይ ሲመለስ ራሱ ይገናኛል። ዕቃ ነው፣ በቃ። ከበሩ ሥር የነበረው ብርሃንም ይኸው ነው። ቀስቷ የምትንቀሳቀሰው ምናልባት አይጥ ገመዱን እየነካች ይሆናል ብላ ለራሷ ነገረች፤ እያመነችው ግን አልነበረም።

አንድ ትእዛዝ ብትጽፍ የጓሮ በሩ ይዘጋል፤ ሥራው ያልቃል። ጻፈችው። የመጨረሻዋን ቁልፍ ልትመታ ስትል እጇ እምቢ አላት። ሰውየው ከዚህ ዓለም ጋር ያለው ክር ይቺው ናት፤ እሷ ትበጥሰው? ለዚያውም ዛሬ? ትእዛዙን አጠፋችና ሌላ መላ ዘየደች። ደቅ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እንድታስገባ አደረገቻት። ዘንዘልማም ትቆይ፣ ተማሪውም ይግባ፤ ሁሉም አንዱን ዴስክቶፕ በጋራ ይይ። ማንንም ሳታስቀይም ችግሩን የፈታች መሰላት።

ተማሪዎች ገቡ። ደቅ ተከፈተች፤ አልተቋረጠችም። ሊድያ አጨበጨበች። እሌኒም ያንን በፊደል የተሞላ መስኮት አጸዳችና ግንኙነቱን ለመሞከር እጇ የለመደውን ቃል ጻፈች።

አለሁ።

በየተማሪው ስክሪን ላይ ታየ። "ደረሰ፣ ቲቸር" አሉ ከየጥጉ። ልትነሣ ስትል ቀስቷ ተንቀሳቀሰች። ማንም አልነካትም። እየተንቀጠቀጠች ወደ ቃሉ ተጠጋች፤ ዙሪያውን ዞረች፤ ከሥሩ ቆመች። ብዙ ከቆየ በኋላ አንድ ፊደል ወጣ፣ ጠፋ፣ ተስተካከለ፤ ከዚያ ሌላ ፊደል።

የት

ወንበር ሲወድቅ ተሰማ። ተማሪው እርስ በርሱ እየተገፋፋ ወጣ። ሊድያ ኮሪደር ላይ ሆና ስታማትብ እሌኒ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። የፈራችው ተማሪዎቹ የፈሩትን አይደለም። ያ ጠያቂ ማን እንደሆነ ገብቷት ነበር። አይጥ ፊደል አይለይም። የመሪጌታ ሚስት ግን ፊደል ትለያለች።

"ምን አደረግሁ?" አለች፤ ከጎጃም በለመደችው አነጋገር፣ ለማንም ሳይሆን።

ባጃጅ ይዛ ዘንዘልማ ስትደርስ ቄስ ጥዑመ ልሳን ከግቢው በር ሥር ጥላቸውን ዘርግተው ቆመዋል። እንደ ቃላቸው ስሙን ሊቀበሉ መጥተው ነበር።

"ከለከሉኝ" አሉ ቄሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ልጄ አለሁ ብሎኛል፣ በቁሙ ፍትሐት አላስደርግበትም አሉኝ። አእምሯቸው እንዳይነካ ሰግቻለሁ። አንቺ እስኪ ግቢ።"

"እዚሁ ይቆዩኝ አባ" አለች እሌኒና ገባች።

ዛሬ የቢያዝን ክፍል ክፍት ነው። እማማ እናትዓለም ነጭ ለብሰው ላፕቶፑ ፊት ተቀምጠዋል፤ ቀኝ እጃቸው ማውሱ ላይ ነው። በየቁልፉ ላይ ቢያዝን በገዛ እጁ የጻፋቸው ትናንሽ የፊደል ወረቀቶች ተለጥፈዋል። እናቱን ስማቸውን በኪቦርድ መጻፍ ያስተምራቸው እንደነበር እሌኒ አሁን ትዝ አላት። ከላፕቶፑ ጎን አቧራ የሚያብሱበት ጨርቅ ታጥፎ ተቀምጧል። እነዚያ መስመር ሙሉ ፊደሎች የዚህ ጨርቅ ሥራ ናቸው።

"ነይ ልጄ፣ ተጠጊ" አሉ። ፊታቸው በርቷል፤ እንዲህ ሆነው አይታቸው አታውቅም። "ዝም ስለው ይጠቁርብኛል። ስነካካው ይበራል። ይቺን እጄን ሳላነሣ፣ እንቅልፍ ሲወስደኝም ደንግጬ እየተነሣሁ፣ ይኸው እዚህ ደረስሁ። ብርሃኑ እንዲጠፋበት አልፈለግሁም፤ በምን ይመለሳል? ዛሬ ደግሞ እጁን አየሁት። ጻፈልኝ። የት ብዬ ጠየቅሁት፤ እስካሁን አልመለሰም።"

ስክሪኑ ላይ ሁለቱ ቃላት አንዱ ከሌላው ሥር ቆመዋል። ቀስቷ አጠገባቸው ትንቀጠቀጣለች፤ የእማማ እናትዓለም እጅ ነው የሚንቀጠቀጠው።

ዝም ብትል ማን ያውቃል? ተማሪው ነገ ሌላ ቃል ይጽፋል፣ እማማ ያነባሉ፣ ይደሰታሉ። ልጁ ግን መንገድ ላይ እንደቆመ ይቀራል፤ እናቱም አብራው። እሌኒ መሬት ላይ ተንበርክካ ጉልበታቸውን ያዘች።

"እማማ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት" አለች። "ኮሌጅ ሆኜ። መሥራቱን ልሞክር ብዬ ነው። እርስዎ እዚህ እንዳሉ አላወቅሁም። ይማሩኝ።"

አልተቆጡም። ውጭ በግ ሲጮህ፣ ብሎኬት የሚያወርዱ ሰዎች ሲነጋገሩ ይሰማል። እሌኒ ቀና ብላ ማየት አልቻለችም።

"አውቄው ነበር" አሉ በመጨረሻ። "ቢያዝን አለሁ ብሎኝ አያውቅም። ከየትም ሲደውል አለሁልሽ ነው የሚለኝ። ሳነበው ሁለት ፊደል ጎደለው አልሁ። ውኃ ውስጥ ያለ ሰው ይቸኩላል፣ ሳይጨርሰው ቀርቶ ነው ብዬ አለፍሁት።" እንባቸው አሁን ወረደ። "ልታለል ፈልጌ እኮ ነው፣ ልጄ። አንቺ ምን አጠፋሽ።"

የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይላሉ፤ የዚህኛው ግን ከሁለት ፊደል አልረዘመም። እማማ እናትዓለም እጃቸውን ከማውሱ ላይ አነሡ፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠቀለሉት፣ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ሁለቱም ስክሪኑን እያዩ ጠበቁ። መጀመሪያ ደበዘዘ። እጃቸው ነጠላው ውስጥ ሲፈራገጥ እሌኒ አየች፤ ግን አላወጡትም። ጠቆረ።

"አባን ጥሪያቸው" አሉ።

ቄስ ጥዑመ ልሳን ገብተው ከደፉ አጠገብ ቆሙ። እማማ እናትዓለም ተነሥተው መስቀሉን ተሳለሙ።

"ፍሥሐ ጽዮን ነው" አሉ። "ልጄ ፍሥሐ ጽዮን ነው፣ አባ። ፍቱልኝ።"

ከዚያ በኋላ ነው ያ ሁሉ ወር የተጠራቀመው ለቅሶ የወጣው። ጎረቤት ሰምቶ መጣ፤ የዚያን ዕለት ከበር የመለሱት ሰው የለም።

በማግስቱ እሌኒ ላቦራቶሪውን ከፍታ የቢያዝንን ወንበር ወደ ቦታው መለሰች። ደቅን ጠራቻት፤ ወዲያው ተከፈተች። ከዘንዘልማ በኩል ማንም የለም። የጓሮ በሩን ዘጋችው፤ ዛሬ እጇ እምቢ አላላትም። መስኮቱ ላይ ግን ሁለቱ ቃላት እንዳሉ ነበሩ። የራሷን አጠፋችው። ሁለተኛው የሷ ስላልነበረ ልታጠፋው አልደፈረችም፤ ተማሪዎቹም ምክንያቱን ሳይጠይቁ እስከ ዛሬ ከሥሩ ነው የሚጽፉት።